ዳኝነቱ ይቀነስ፣ ፍሬ ነገሩ ግን አይነካ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው እሁድ በዓለም አቀፍ ገጻችሁ ላይ፣ የአሜሪካ ወግ አጥባቂዎች ምርጫ ማሸነፍ ከፈለጉ በውርጃ ጉዳይ የያዙትን አቋም ማለዘብ፣ ካልሆነም ነገሩን አንስተው አለማውራት ይሻላቸዋል የሚል ጽሑፍ አውጥታችኋል። ጋዜጣውን አራት ኪሎ ገዝቼ እዚያው ቆሜ ጀመርኩት። ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ስወርድ፣ ከድልድዩም ወደ ፒያሳ ዳገቱን ስወጣ፣ ከጸሐፊው ጋር በልቤ ስሟገት ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ ደግሜ አነበብኩት። አልተዋጠልኝም።

ጸሐፊው ፖለቲካ ያለ ድርድር አይሆንም ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እኔም እንጀራዬን የምበላው ከድርድር ነው። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ፍርድ ቤት ደጅ ማመልከቻ በመጻፍ የምተዳደር ሴት ነኝ። የጀመርኩት አክስቴ በሰጠችኝ ኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና ነው፤ ዛሬ በኮምፒውተር ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ የነበርኩባት ጠባብ ክፍል አብራ ስለሄደች፣ አሁን አንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ጥግ ተከራይቼ እሠራለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። ጠበቃ ለመያዝ አቅም የሌለው ሰው «እትዬ፣ አንድ ማመልከቻ» ብሎ አጠገቤ ይቀመጣል። እሱ ይነግረኛል፤ እኔ እጽፋለሁ።

ክስ ሲጻፍ ከላይ ፍሬ ነገሩ ይቀመጣል፦ ማን፣ መቼ፣ የት፣ ምን እንዳደረገ። ከታች ደግሞ የሚጠየቀው ዳኝነት ይዘረዘራል፦ ይህን ያህል ብር ይክፈለኝ፣ ቤቱን ይልቀቅልኝ፣ ወጪና ኪሳራዬን ይተካልኝ። ዳኝነቱ ላይ መቀነስም መጨመርም አለ። ትልቁን ጠይቀን ቀጥሎ «ይህ የሚታለፍ ቢሆን እንኳ በአማራጭ» ብለን አነስ ያለውን እንጠይቃለን። መቶ ሺህ ብሎ መጥቶ ስልሳ ሺህ ይዞ የሄደ ሰው ስንት አይቻለሁ፤ አንዱንም አልናቅሁትም። ልጆቹ ቤት ይጠብቁታል፤ ቀጠሮ ለቀጠሮ መንከራተቱን ችሎ ሙሉውን እስኪያገኝ መኖር አለበት።

ፍሬ ነገሩ ግን ሌላ ነው። ከማመልከቻው ግርጌ፣ ከፊርማው ከፍ ብሎ፣ ከላይ የተገለጸው ሁሉ እውነት መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ የምትል አንዲት መስመር አለች። ይህችን መስመር ስንት ሺህ ጊዜ እንደጻፍኳት ቆጥሬ አልዘልቀውም። ሰው ብሩን ሲቀንስ ከእሷ ጋር አይጣላም። ለተሻለ ብር ብሎ የሆነውን ነገር «አልሆነም» ሲል ግን ያችን መስመር ሐሰት ያደርጋታል።

ለወግ አጥባቂዎቹም የምለው ይኸው ነው። ዳኝነታችሁን ቀንሱ፣ ፍሬ ነገሩን ግን አትንኩ።

አንባቢ ከየት ሆኜ እንደምናገር እንዲያውቅ የራሴን እምነት ላስቀምጥ። በማኅፀን ያለው ሰው ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን ያስተማረችኝ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ኋላ ደግሞ እድሜዬና ሥራዬ አጸኑልኝ። በዚህ የማይስማሙኝ፣ እኔ የማከብራቸው ሰዎች አሉ፤ አንዷ በየቀኑ ምሳ አብሬያት የምበላት የሥራ ባልደረባዬ ናት። ይህን ደብዳቤ ገና ሳይላክ ያነበበችው እሷ ናት።

የዛሬ አራት ዓመት፣ ሐምሌ ላይ ነው። ዝናቡ እየወረደ አንዲት ልጅ ሕፃን አዝላ፣ በላዩ ላስቲክ ደርባ መጣች። ዕድሜዋን ስጠይቃት «አሥራ ስምንት ይሞላኛል» አለችኝ። ሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ያረገዘች ናት። ሰውየው ሦስት ሺህ ብር ሰጥቶ «ጨርሺውና ተመለሽ» ብሏታል። ሄዳለች። ወረፋ ይዛ ተቀምጣ ሳለ መብራት ጠፋና «ነገ ነይ» ተባለች። ያን ሌሊት የሚያሳድራት ዘመድ ስላልነበረ ከአንዲት ጉልት ቸርቻሪ ዘንድ አደረች። ሴትየዋ ነገሩን ሰምታ ምንም አላለቻትም፤ ሽሮ ሠርታ አበላቻት። በማግስቱ አልተመለሰችም። ለምን እንደሆነ እኔ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አላብራራችም። በሦስት ሺሁ ብር ቤት ተከራየች።

ማመልከቻውን ጻፍንላት፦ አባትነት ይታወቅልኝ፣ በወር አራት ሺህ ብር ቀለብ ይቆረጥልኝ። መጥሪያው በደረሰው በሳምንቱ ሁለት ሽማግሌዎች እኔው ጋ ድረስ መጡ። የተከበሩ፣ ካፖርት የለበሱ ሰዎች ናቸው። ሰውየው በወር ሦስት ሺህ ሊሰጥ ፈቃደኛ ነው፤ ክሱ ግን ይነሳ፣ ብሩም «እርዳታ» ይባል አሉ። ሦስት ሺህ ብር! ፍርድ ቤቱ ይህን ያህል ላይቆርጥላት እንደሚችል እኔም አውቃለሁ፣ እነሱም ያውቃሉ። እውነቴን ልናገር፤ «ውሰጂው» ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ልጅቷ ቀደመችኝና «እትዬ፣ እርዳታ ከተባለ ይኼ ልጅ የማን ሊባል ነው?» አለችኝ።

የምመልሰው አጣሁ። እሷ ግን መልሱን ይዛለች። «ብሩን ይቀንሱት፤ አባቱ ነው የሚለው አይውጣ» አለች።

ከሦስት ሳምንት ምልልስ በኋላ በወር 1,800 ብር ተስማሙ። የእርቅ ስምምነቱን እኔ ነኝ የጻፍኩት፦ ተከሳሽ የሕፃኑ አባት መሆኑን አምኖ ተቀብሏል። ሳነብላት አስቆመችኝና «አባት የሚለው የቱ ጋ ነው?» ብላ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አደረገች። አሳየኋት። ፊደል ብዙም አትለይም፤ ቃሉን ግን በጣቷ ሄደችበት፣ ከዳር እስከ ዳር። ችሎቱ ስምምነቱን አጽድቆ መዝገቡን ዘጋው። በወር 1,200 ብር አጣች፤ ፍሬ ነገሩን ግን ይዛ ሄደች። ስለ ድርድር የማውቀውን ትልቁን ነገር ያስተማረችኝ ይህች ልጅ ናት።

አሁን ወደ አሜሪካ ልምጣ (ዓመቶቹ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው)። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በ1973 ሮ እና ዌድ በተባለው ክስ ውርጃን ሕገ መንግሥታዊ መብት አደረገ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሄንሪ ሃይድ የተባሉ የኢሊኖይ ተወካይ የመንግሥት የድሆች ሕክምና ገንዘብ ለውርጃ እንዳይውል የሚከለክል አንቀጽ በበጀት ሕጉ ውስጥ አስገቡ። ሰውየው የሚፈልጉትን አልደበቁም። ቢቻላቸው ውርጃን በሙሉ በሕግ ማስቀረት እንደሚሹ፣ በእጃቸው ያገኙት መሣሪያ ግን ይህ የበጀት ሕግ ብቻ እንደሆነ እዚያው ምክር ቤት ፊት ተናግረዋል። አንቀጹም በየዓመቱ በበጀት ሕጉ እየታደሰ ዘልቋል። እንዲህ ያለውን ነው እኛ «በአማራጭ» የምንለው። ሙሉውን ፈልጎ፣ መፈለጉንም ተናግሮ፣ የተገኘውን መውሰድ።

በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዶብስ በተባለው የሚሲሲፒ ጉዳይ የ1973ቱን ፍርድ ሻረ። ሥልጣኑ ወደየግዛቶቹ ተመለሰ። ወግ አጥባቂዎቹ 49 ዓመት የጠበቁት ቀን ነበር። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው ካንሳስ ሕዝቧን ጠየቀች። ካንሳስ ከ1964 ወዲህ ለፕሬዚዳንትነት አንድም ዴሞክራት መርጣ የማታውቅ ግዛት ናት። የውርጃን መብት ከግዛቱ ሕገ መንግሥት ለማስወጣት የቀረበውን ሐሳብ 59 በመቶ የሚሆነው መራጭ አልቀበልም አለ። በዓመቱ ኦሃዮ 57 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ የውርጃን መብት በሕገ መንግሥቷ አሰፈረች። ፖለቲከኞቹ ደነገጡ። የእናንተም ጸሐፊ «ተዉት፣ አታንሱት» የሚል ምክራቸውን የሚጀምሩት ከዚህ ድንጋጤ ነው።

ምክሩ እኮ ተሞክሯል። በ2024 ዶናልድ ትራምፕ ጉዳዩ ለየግዛቱ የሚተው ነው አሉ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የወግ አጥባቂዎቹ የሪፐብሊካን ፓርቲ የምርጫ ሰነድ ለአርባ ዓመት ያህል ይዞት የቆየውን በአገር አቀፍ ደረጃ የመከልከል ጥያቄ ተወው። ኅዳር ላይም አሸነፉ። ጸሐፊያችሁ ይህን እንደ ማስረጃ ያቀርባሉ። ነገር ግን በዚያው ቀን ሚዙሪ ውስጥ የሆነውን አላነሱም። ሚዙሪ ትራምፕን በሰፊ ልዩነት መረጠች፤ በዚያው ቀን የውርጃን መብት በሕገ መንግሥቷ አጸናች። ፍሎሪዳም ትራምፕን መርጣ፣ ከመራጮቿ 57 በመቶ የሚሆኑት የውርጃን መብት ደግፈዋል፤ ሐሳቡ የወደቀው 60 በመቶ ይጠየቅ ስለነበር ብቻ ነው።

እስቲ ይህን ረጋ ብለን እንየው። ሰዎቹ ዝም አሉ፣ ወንበሩን አገኙ። ጉዳዩስ? ጉዳዩን ማን አስረዳለት? መራጩ ወንበሩን ለአንዱ፣ ፍርዱን ለሌላው ሰጥቶ ወደ ቤቱ ሄደ። በእኔ ሙያ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ጠበቃው አበሉን ተቀብሏል፣ ደንበኛው ግን ተረትቷል ነው የሚባለው።

የምሳ ጓደኛዬ እዚህ ላይ አቋረጠችኝ። «ወንበር የሌለው ሕግ ያወጣል እንዴ?» አለችኝ። ጥያቄው ከባድ ነው፣ አላልፈውም። የ2022ቱን ፍርድ የሰጡት ዳኞች ሦስቱ በ2017፣ በ2018 እና በ2020 በአንድ ፕሬዚዳንት፣ በትራምፕ፣ የተሾሙ ናቸው። የ2016ቱ ምርጫ ባይገኝ ኖሮ ፍርዱ አይኖርም ነበር። ይህን እቀበላለሁ። ግን በ2016ቱ ክርክር ላይ ያው ሰው ምን እንዳሉ ይታወሳል፤ ውርጃን የሚቃወሙ ዳኞች እሾማለሁ፣ የ1973ቱም ፍርድ ይሻራል ብለው ሕዝብ ፊት ተናግረዋል። ተናግረውም አሸንፈዋል። ጉዳዩን የጠቀመው ወንበር አፍ ተከፍቶ የተገኘው ነው።

ታዲያ ካንሳስ ለምን እምቢ አለች? እንደ እኔ ግምት ሕዝቡ ከጠያቂዎቹ ጋር ሁሉ የተጣላ አይመስለኝም። በማመልከቻው ላይ እናቲቱን አላያትም። እኔ ጋ የሚመጣ ሰው አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል፤ ንዴቱን ሁሉ ተከሳሹ ላይ ያወርድና በመሃል ያለውን ሦስተኛ ሰው ይረሳል። ዳኛው ግን የመጀመሪያ ጥያቄው ያ የተረሳው ሰው ነው።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። በ1974 ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ አንድ ቧንቧ ለስምንት ቤት በሆነበት ግቢ ውስጥ፣ ታላቅ እህቴ ሞተችብኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ እኔ አሥራ ሦስት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፣ ጎበዝ። ውኃ ቀድቼ ስመለስ ፍራሹ ተገልብጦ አገኘሁት። እሷ መሬት ላይ፣ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ጥላ ተቀምጣለች። ውኃ አለችኝ። ጣሳውን ስሰጣት እጇ ይቃጠል ነበር። «ለእማዬ እንዳትነግሪ» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ሁለት ቀን አልተናገርኩም። ጨርቋን ከቧንቧው ማዶ፣ ሰው በማያይበት፣ ሌሊት አጠብኩላት። በሦስተኛው ቀን እናቴ ራሷ ደረሰችበት፤ ጎረቤት ሰማያዊ ታክሲ ጠርቶ ሆስፒታል ወሰዷት። በአምስተኛው ሌሊት አረፈች። ማን ዘንድ ሄዳ እንደነበር፣ ምን እንዳደረጉላት ወይም እንዳደረጉባት እስከ ዛሬ አልታወቀም። ድንኳኑ ውስጥ ለቅሶ ደራሽ ሁሉ ሲጠይቅ እናቴ «ምች መታት» አለች። ምች። ሌሎቹም «አይ ምች፣ ክፉ ነው» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከእነዚያ ሴቶች ግማሾቹ እውነቱን ያውቁ እንደነበር ዛሬ ይገባኛል። እናቴ በ1999 ዓ.ም. እስክታርፍ ድረስ ምች ነው እንዳለች ሞተች፤ እኔም አላረምኳትም።

በዚያን ጊዜ የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። ከእናትየዋ ከባድ አደጋን ለማራቅ ካልሆነ ጽንስ ማቋረጥ ወንጀል ነበር። እህቴ ስለ አንቀጹ አታውቅም። የምታውቀው አባታችንን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ቀበሌውን መፍራት ነበር። «ሰው ሳያየኝ» የሚለውን ብቻ ነው ያሰበችው።

ይህን ታሪክ የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎች «አንቺማ ከማንም በላይ ውርጃ እንዲፈቀድ መሟገት ነበረብሽ» ይሉኛል። ይገባኛል። ግን እኔ ያን ሌሊት የሞቱትን ስቆጥር ሁለት ይሆኑብኛል። ሁለተኛው ስም አልነበረውም፣ ለቅሶም አልተቀመጡለትም። አንዱን ለማዘን ሌላውን አልነበረም ማለት አይሆንልኝም። ደግሞም ስለ ሁለተኛው አጥብቆ እየተናገረ እህቴን በወሬው መሃል የሚዘልላትን ወግ አጥባቂ፣ እንደ ራሴ ወገን አላየውም።

ስለዚህ የእናትን ሕይወት ማዳን ድርድር አይደለም። ከፍሬ ነገሩ አንዱ ነው። በሕጉ ላይ ሲጻፍም ሐኪሙ በሌሊት ጠበቃ መጥራት ሳያስፈልገው እንዲገባው ተደርጎ መጻፍ አለበት። ቴክሳስ ውስጥ ሐኪሞች ሕጉ የት ድረስ እንደሚፈቅድላቸው እየተጠራጠሩ እጃቸውን መሰብሰባቸው ብዙ ሲነገር ቆይቶ፣ በ2025 ምክር ቤቱ የእናትን ሕይወት ስለማዳን የሚያብራራ ሕግ አወጣ። ያወጡት እዚያ ብዙኃን የሆኑት ሪፐብሊካኖች ራሳቸው ናቸው። አንዳንዱ ይህን እንደ ማፈግፈግ ያየዋል። እኔ ቀድሞ መጻፍ የነበረበት ነው እላለሁ።

እኛ አገር የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሲረቀቅ የነበረውን ክርክር አስታውሳለሁ፤ ፍርድ ቤት ደጅ ሌላ ወሬ አልነበረም። የሴት የሕግ ባለሙያዎችና የማኅፀን ሐኪሞች በአንድ በኩል፣ የሃይማኖት ሰዎች በሌላ በኩል። ግንቦት 1 ቀን 1997 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ለሁለቱም ወገን ሙሉውን አልሰጠም። ጽንስ ማቋረጥ ወንጀል መሆኑ አልቀረም። በአንቀጽ 551 ግን መደፈር ወይም የዘመድ ግንኙነት ያመጣው እርግዝና ሲሆን፣ የእናት ወይም የልጅ ሕይወትና ጤና አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ሲኖርበት፣ እናቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም በዕድሜዋ ማነስ ልጅ ለማሳደግ ዝግጁ ሳትሆን ስትቀር አያስቀጣም። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ደግሞ ተደፍሬ ነው ወይም ከዘመድ ነው ያለችውን ሴት ቃሏ ብቻ በቂ ነው ይላል።

ከዚህ ውስጥ የማልስማማበት አለ። ጉድለት ያለበት ጽንስ የሚለው ላይ እጄ አይፈርምም፤ በሰፈሬ እንዲህ ተወልዶ ያደገ፣ ዛሬ እናቱን የሚጦር ልጅ አውቃለሁ። በመደፈር ጉዳይ ግን ስንት ሌሊት ከራሴ ጋር ተሟግቻለሁ፤ ማመልከቻዋን የጻፍኩላት አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ትዝ ባለችኝ ቁጥር ክርክሬ ይቋረጣል። የዚያችን ልጅ ቃል አልቀበልም የሚል ሕግ እንዲመጣ አልፈልግም። ይህ ሕግ ከነበረው ይሻላል ብዬ፣ የቀረውን ደግሞ በግልጽ እየጠየቅሁ እኖርበታለሁ። እንዲህ ያለውን መቀነስ እችላለሁ። «እንግዲህ ከተፈቀደ ነገሩ ቀላል ነው» በይ ስባል ግን አልችልም።

በዚሁ ሕግ አንቀጽ 550 ላይ ጥቂት ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። ጽንሱን ያቋረጠችው በከፍተኛ ድህነት የተነሳ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ያቀልላታል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያዝናል ልቤ። ድህነቷን ያየናት ተከሳሽ ሆና ከቆመች በኋላ ነው! ከሦስት ወር በፊት፣ ወረፋው ላይ ተቀምጣ ሳለች፣ ማን አያት?

ወግ አጥባቂዎች የሚደራደሩበትን ቦታ የሚያጡት እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። መስጠት የሚችሉት ብዙ ነገር እያለ የሚሰጡት እምነታቸውን ነው። በአሜሪካ አንዲት የግል ድርጅት ሠራተኛ ወልዳ ደመወዟ እየተከፈላት እንድታርፍ የሚያስገድድ አገር አቀፍ ሕግ የለም። በእነሱ አቆጣጠር በ1993 የወጣው ሕግ የሚሰጠው 12 ሳምንት ነው፣ ያውም ያለ ክፍያ። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ ስህተት መስሎኝ ነበር። በእኛ በድሃዎቹ አገር የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 1156፣ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። 49 ዓመት ሙሉ «ልጁ ይወለድ» ብሎ የሞገተ ሰው፣ ልጁ ሲወለድ እናቱ ቤት እንድትቆይ ገንዘብ ቢጠየቅ ለምን ይሳሳል? ግብር ይጨመር ከተባለ ይጨመር። ከዴሞክራቶች ጋር ቁጭ ብሎ ለእናቲቱ የሚሰጠውን እያሳደጉ መደራደር ይቻላል። ውርጃ እስከ ስንተኛው የእርግዝና ሳምንት ይፈቀድ በሚለው ቁጥር ላይም መደራደር ይቻላል፤ ዛሬ 15 ሳምንት ላይ የሚቆም ሕግ ቢገኝ «ይህ የምፈልገው ሁሉ አይደለም» ብሎ ተናግሮ መውሰድ ነውር የለውም።

እኛም ብንሆን የምንኮራበት ብዙ የለም። ያው አዋጅ 1156 የቤት ሠራተኛን አይመለከትም። ያቺ ሐምሌ ላይ የመጣችው ልጅ 120 ቀን አይደለም አንድ ቀን አልተሰጣትም፤ ሆዷ ሲታይ ሻንጣዋን ውጭ አወጡላት። በየእሁዱ ከእኔ ጋር ቅዳሴ ከሚያስቀድሱት መሃል እንዲህ ያደረጉ አሉ፤ ማመልከቻ ስጽፍ ስማቸውን ተከሳሽ በሚለው ቦታ አግኝቼዋለሁ። ስለ ጽንስ ክቡርነት ሲሰበክ ከፊት ቆመው አሜን ይላሉ። ስለ አሜሪካ ምርጫ ከመጨቃጨቃችን በፊት ሠራተኛችን ስታረግዝ የምናደርገውን ብንነጋገር ደስ ይለኛል፤ የአገሬ ወግ አጥባቂ ለምክር ቤት ቢወዳደር መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው።

ጸሐፊያችሁን ለመውቀስ አይደለም ይህን ሁሉ ያወራሁት። ጨዋ ጽሑፍ ነው፣ አከብረዋለሁ። ነገር ግን ምክሩ የሚያዋጣው ለተመራጩ ነው። የሽማግሌዎቹን ሦስት ሺህ ብር አስታወሰኝ።

ደብዳቤዬ እንደረዘመ ይገባኛል፤ ለጋዜጣ የሚላክ ነገር እንደሚቆረጥም አውቃለሁ። የካንሳሱን ብትቆርጡት ቅር አይለኝም። የሄንሪ ሃይድንም፣ የቴክሳሱንም፣ ከአንቀጾቹም የፈለጋችሁትን ያህል ቀንሱ። ስለ እህቴ የጻፍኩትን ግን ወይ እንዳለ አውጡት፣ ወይ ደብዳቤውን በሙሉ ተዉት። አሳጥራችሁ «በሕመም የሞተች» እንዳትሉብኝ። ምች አይደለም።

አክባሪያችሁ፣
ማመልከቻ ጻፊ፣ ከፒያሳ